አዳማ ወይስ ባቱ ቀደመ?

ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ቀሚሱን ገልብጦ ያያል። ፊቱማ ለሁሉም ያምራል፤ የጠላፊው እጅ የሚለየው ክሩ በተሻገረበትና በተቋጠረበት በጀርባው ነው። የኳንተም መስክ ንድፈ ሐሳብም እንዲህ ተገልብጦ መታየት የሚገባው ሥራ ነው። ፊቱን የሚያደንቁ ብዙ ናቸው፤ ማድነቃቸውም ትክክል ነው። ንድፈ ሐሳቡ የኤሌክትሮንን የማግኔትነት መጠን በስሌት ያወጣል፤ ያ ስሌት በቤተ ሙከራ ከተለካው ጋር ከትሪሊዮን አንድ እጅ በሚጠጋ ትክክለኝነት ይገጥማል። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ መግጠም ብርቅ ነው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ጀርባው ነው። እዚያ የአንስታይን ቦታ-ጊዜ ከኳንተም ሕግ ጋር የተገናኘበት አንድ መጋጠሚያ አለ። አንዱ ለሌላው ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ዝም ብለው ቢያያዙ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ የተዘጋበትን ዘዴ ቀርቦ ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት የስምጥ ሸለቆ ከተሞችና ትንሽ ሒሳብ ይበቃሉ።

ከተሞቹ አዳማና ባቱ ይሁኑ። በቀጥታ መስመር በመካከላቸው 90 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ይህን ርቀት በ0.3 ሚሊሰከንድ ያቋርጠዋል። አንድ መብራት አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ሌላ መብራት ባቱ፣ ደምበል ሐይቅ ዳር ተተክሏል እንበል። የአዳማው ብልጭ አለ፤ ከ0.1 ሚሊሰከንድ በኋላ የባቱው ብልጭ አለ። የአዳማው ብርሃን ባቱ ለመድረስ 0.3 ሚሊሰከንድ ስለሚፈልግ የባቱውን ሊያስነሳው አይችልም። የባቱውም ለአዳማው ምክንያት አይሆንም። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

ሄርማን ሚንኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1908 ኮሎኝ ከተማ ባደረገው ንግግር እንዲህ ያሉ ሁለት ክስተቶችን በአንድ ቁጥር አሰራቸው። አሠራሩ አጭር ነው። የጊዜው ልዩነት ብርሃን በዚያ ጊዜ በሚሄደው ርቀት ይመነዘራል፤ 0.1 ሚሊሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የ30 ስኩዌር 900 ነው፤ የርቀቱ፣ የ90 ስኩዌር፣ 8,100። ከ900 ላይ 8,100 ሲነሳ ከዜሮ በታች 7,200 ይቀራል። ፓይታጎረስ ቢሆን ይደምር ነበር፤ ሚንኮቭስኪ ቀነሰ። በዚህች አንዲት ምልክት ጊዜ ከቦታ ጋር በአንድ ቀመር ገባ፤ ጊዜነቱንም አላጣም።

ከአዳማ ወደ ባቱ አቅጣጫ በተለያየ ፍጥነት የሚያልፉ ታዛቢዎች በ30ውም በ90ውም አይስማሙም። በ7,200ው ግን ሁሉም ይስማማሉ። በሰከንድ 100,000 ኪሎ ሜትር ለሚበር ታዛቢ ሁለቱ መብራቶች እኩል ይበራሉ፤ ለእሱ የጊዜው ልዩነት ዜሮ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ወደ 85 ኪሎ ሜትር ያጥራል። ከዚያ በላይ ለሚፈጥን ደግሞ ባቱ ቀድሞ አዳማ ይከተላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ወደ ባቱ ለሚነዳ ሾፌርም ሰዓቱ ይዛነፋል፤ መዛነፉ ግን ሰከንድ ለትሪሊዮን ቢከፈል 28 ክፍል ያህል ብቻ ነው። ሾፌሩ ባይሰማውም ሕጉ ለእሱም ያው ነው። ስለዚህ ማን ቀደመ ቢባል ቁርጥ ያለ መልስ የለም።

የባቱው መብራት ከ0.5 ሚሊሰከንድ በኋላ ቢበራ ኖሮ ነገሩ ይለወጣል። የ150 ስኩዌር 22,500 ነው፤ 8,100 ሲነሳለት 14,400 ይቀራል፤ ይህም ከዜሮ በላይ ነው። ያን ጊዜ የአዳማው ብርሃን ቀድሞ ባቱ ስለሚደርስ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ታዛቢም በየትኛውም ፍጥነት አይገኝም። በሁለቱ ዓይነት ጥንዶች መካከል ያለው ወሰን፣ ማለትም ስሌቱ ልክ ዜሮ የሚመጣበት፣ የብርሃን ሾጣጣ ይባላል። በሾጣጣው ውስጥ ምክንያትና ውጤት አሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም አይነካም። ከሾጣጣው ውጪ ቅደም ተከተል የተመልካቹ ጉዳይ ነው።

ስምጥ ሸለቆው ራሱ ጊዜን በብርሃን ወደ ርቀት በሚመነዝረው በዚህ ሒሳብ የተለካ አገር ነው። የወንጂን ስም ለያዘው የስንጥቆች ቀበቶ በጂኦሎጂ ጽሑፎች ቦታ የሰጠው ፖል ሞር በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ጂኦዲሜትር በተባለ መሣሪያ የሸለቆውን ስፋት ከኮረብታ ኮረብታ መለካት ጀመረ። መሣሪያው ብርሃን ይልክና ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይመነዝራል። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ሸለቆውን በጂፒኤስ ለክተው ውጤቱን ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ግድግዳዎች በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል እየተራራቁ ነው።

ያን 5 ሚሊሜትር የሚያሳየው ሰዓት ሳይታረም ቢተው ምን ይሆን ነበር? የጂፒኤስ ሳተላይት ስለሚሮጥ ሰዓቱ በቀን 7 ማይክሮሰከንድ ይዘገያል። ከምድር ስለሚርቅና ስበቱ እዚያ ስለሚላላ ደግሞ 45 ማይክሮሰከንድ ይፈጥናል። ሲቻቻሉ 38 ይተርፋል፤ በዚህ ጊዜ ብርሃን 11 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከአዳማ ተነስቶ ወንጂ የሚያደርስ ያህል። ስለዚህ ሰዓቱ ከመምጠቁ በፊት ሆን ተብሎ ይዘገያል፤ 10.23 ሜጋኸርዝ መምታት የሚገባው 10.22999999543 እንዲመታ ይደረጋል። ከዚያ 38 ውስጥ የፍጥነቱ ድርሻ የሚንኮቭስኪ ነው። የስበቱ 45 የሌላ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኳንተም ሲገባ የሾጣጣው ወሰን ይላላል። አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ነጥብ ላይ አስቀመጥን እንበል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብርሃን ሊደርስበት ከሚችለው ርቀት ውጪ ይገኝ እንደሆነ የኳንተምን ሕግና የአንጻራዊነትን የኢነርጂ ቀመር አንድ ላይ አድርገን ብናሰላ መልሱ ዜሮ አይሆንም። መጠኑ ከሾጣጣው በተራቅን ቁጥር በፍጥነት ይመነምናል፤ ሚሊሜትር ለቢሊዮን ቢከፈል ከአንዱ ክፍል ግማሽ በማይሞላ ርቀት ሁሉ ወደ ሲሶው ይወርዳል። ባቱ እስኪደርስ ድረስ ቁጥር ሊጻፍለት የማይችል ኢምንት ይሆናል። ያም ሆኖ ዜሮ አይደለም። ስርገት እንበለው።

እዚህ ላይ ትንሽነት አያድንም። አዳማ በዚህ ስርገት ለባቱ ቃል መላክ ከቻለች፣ ባቱ ቀደመች ለሚለው ፈጣን ታዛቢ ቃሉ ከመላኩ በፊት ደርሷል። ባቱ ደግሞ በዚያው በሚሮጠው ታዛቢ መሣሪያ መልሱን በስርገት ብትልክ፣ አዳማ ጥያቄውን ሳትጠይቅ መልሱን ትቀበላለች። በሺህ ዘመን አንዴ ብቻ እንኳ ቢሳካ ምክንያትና ውጤት ተቃወሱ ማለት ነው። ስለዚህ ለዜሮ የቀረበ ነገር ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ራሱ ዜሮ ነው።

የመስክ ንድፈ ሐሳብ ሠሪዎች መጀመሪያ ያደረጉት የቦታን ማዕረግ ማውረድ ነው። በቀደመው የኳንተም ሜካኒክስ ቦታ የሚለካ ነገር ሲሆን ጊዜ ግን የሰዓት ንባብ ብቻ ነበር። አንጻራዊነት ሁለቱን እኩል አድርጎ እያየ ኳንተም ሊያበላልጣቸው አይገባም። ጊዜን ወደ ቦታ ማዕረግ ከማንሳት ይልቅ ቦታን ወደ ጊዜ ማዕረግ አወረዱት። በመስክ ንድፈ ሐሳብ አዳማም ሆነ ቀትር አድራሻ ናቸው። የሚለካው በዚያ አድራሻ ላይ ያለው መስክ ነው፤ ቅንጣቶች ከመስኩ መነቃነቅ የሚወጡ ናቸው።

ከዚያ መጋጠሚያው ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ አዳማ፣ ከዚያ ባቱ ላይ መስኩን እንለካለን። በሌላ ስሌት ተራውን ገልብጠን መጀመሪያ ባቱ፣ ከዚያ አዳማ እንለካለን። አንዱን ከሌላው እንቀንሳለን፤ የፊዚክስ ሰዎች ይህን ኮሙቴተር ይሉታል። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ አንዱ ልኬት ሌላውን አይነካም፣ ቃልም አያልፍም። ለቀላሉ መስክ ስሌቱ ሲሠራ ሁለት ነገሮች ብቻ ይቀራሉ፦ ከባቱ ወደ አዳማ የሚሰርገው፣ ከዚያ ላይ ሲቀነስ ከአዳማ ወደ ባቱ የሚሰርገው። ሁለቱም ለየብቻ ዜሮ አይደሉም።

አሁን 7,200ውን እናስታውስ። ከሾጣጣው ውጪ የስርገቱ መጠን የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን ቀደመ የሚለው አይገባበትም። ሊገባም አይችልም፤ አዳማን የሚያስቀድም ታዛቢ እንዳለ ሁሉ ባቱን የሚያስቀድምም አለና፣ አቅጣጫውን ካዞርን የአንዱ ስሌት የሌላው ነው። ስለዚህ ከባቱ ወደ አዳማ የሚሰርገው ከአዳማ ወደ ባቱ ከሚሰርገው ጋር እኩል ነው። ሲቀናነሱ ዜሮ ይመጣል፤ ሙሉ ዜሮ፣ ሳይጠጋጋ። በሾጣጣው ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ታዛቢ ስለሌለ ሁለቱ አይተካከሉም፤ ልዩነታቸው ይተርፋል። ምክንያት የሚሠራው በዚያ በሚተርፈው ነው።

ሥራው እዚህ ላይ ነው የሚያስደንቀኝ። ከሾጣጣው ውጪ ቅደም ተከተል የለም መባሉ ከመቶ ዓመት በላይ ተማሪን ሲያስጨንቅ የኖረ ነገር ነው፤ እንደ ጉድለት የሚታይ ነው። መጋጠሚያው የተዘጋው በዚያው ጉድለት ነው። ታዛቢዎች በቅደም ተከተሉ ባይለያዩ ኖሮ ሁለቱ ስርገቶች እኩል መሆናቸውን የሚያስገድድ ነገር አይኖርም ነበር፤ ምክንያትና ውጤትም ይቃወሱ ነበር። ስርገቱም አልተደፈነም። በአዳማና በባቱ መካከል፣ ባዶ በሚባለው ቦታ እንኳ፣ የመስኩ መነቃነቅ በጥቂቱ ተያይዞ ይገኛል። የተወሰደበት ነገር ቃል የመሸከም አቅሙ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ ሙላት ባላቸው ቅንጣቶች ላይ ደግሞ ሒሳቡ አንድ ተጨማሪ ዕዳ ያስከፍላል። በአንድ በኩል የሚሰርገው ኤሌክትሮን ከሆነ በሌላው በኩል የሚመጣው ያው ኤሌክትሮን ሊሆን አይችልም፤ ሙላቱ ተቃራኒ፣ መጠነ ቁሱ ግን አንድ የሆነ ቅንጣት መኖር አለበት። መጠነ ቁሳቸው በጥቂቱ ቢለያይ ሁለቱ ስርገቶች አይተካከሉም፣ ዜሮውም ይጠፋል። ፖል ዲራክ በ1931 ጸረ-ኤሌክትሮን መኖር አለበት ሲል፣ ካርል አንደርሰን በ1932 ከህዋ በሚመጣ ጨረር ውስጥ አገኘው። ዲራክ የሄደው በሌላ መንገድ ነበር፤ ከሾጣጣው በኩል ሲታይ ግን ጸረ-ቁስ መጋጠሚያውን ለመዝጋት የግድ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ክር ሆኖ ይገኛል። በሰርን የሚሠራው ቤዝ የተባለ ሙከራ በ2022 ፕሮቶንንና ጸረ-ፕሮቶንን አነጻጽሮ የሙላታቸውና የመጠነ ቁሳቸው ጥምርታ ከትሪሊዮን 16 እጅ እስኪደርስ ድረስ እኩል መሆኑን አሳይቷል።

በሌላ ጥግ ደግሞ የቁጠባው ብልሃት ይታያል። ሚንኮቭስኪ በሣለው ቦታ-ጊዜ ውስጥ ምንም ነገር ሳይዛባ ሊደረጉ የሚችሉ አሥር ዓይነት እንቅስቃሴዎች አሉ፦ በቦታና በጊዜ መሸጋገር አራት፣ መዞር ሦስት፣ ፍጥነት መለወጥ ሦስት። ዩጂን ዊግነር በ1939 የኳንተም ሕግ ለእነዚህ አሥር እንቅስቃሴዎች ከተገዛ ማንኛውም መሠረታዊ ቅንጣት በዋናነት በሁለት ነገሮች እንደሚለይ አሳየ፤ በመጠነ ቁሱና ስፒን በተባለው ውስጣዊ ዙረቱ። ሁለቱን ማንም ከውጭ አላመጣቸውም። ባዶ ቦታን ሲመረምሩ የቁስ መለያ ወጣ።

የስፒን ነገር ወደ መጋጠሚያው ይመልሰናል። ስፒናቸው ሙሉ ቁጥር በሆኑ ቅንጣቶች ዜሮው የሚመጣው በመቀነስ ነው። እንደ ኤሌክትሮን ስፒናቸው ግማሽ በሆኑት ላይ መቀነስ ቢሞከር ወይ ዜሮው አይመጣም፣ ወይ ኢነርጂው ወለል ያጣና ወደ ታች ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። መደመር ያስፈልጋል። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ይህን በ1940 አረጋገጠ። በኤሌክትሮን መስክ የሚለካ ነገር ሁሉ ከጥንድ መስኮች ስለሚሠራ የመደመሩ ሕግ ለልኬቱ ያንኑ ዜሮ ይሰጠዋል። ነገር ግን መደመር የራሱን ዋጋ ይጠይቃል፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ሁኔታ ላይ አብረው መቀመጥ አይችሉም። ፍሪማን ዳይሰንና አንድሩ ሌናርድ በ1967 ቁስ በራሱ ላይ ተደርምሶ የማይጨማደደው በዚህ ክልከላ መሆኑን በሒሳብ አስረዱ። በአዳማ ዙሪያ የሚፈለጠው ባዛልት ድንጋይ መዶሻውን መልሶ የሚያነጥረው፣ በስተጀርባ ሲታይ፣ በብርሃን ሾጣጣ ወሰን ላይ አንድ የመቀነስ ምልክት በመደመር ስለተተካ ነው።

ጠንቃቆቹ የሒሳብ ሰዎች ከዚህም በላይ ገብተው ስፌቱን አጥብቀውታል። አርተር ዋይትማን በ1950ዎቹ ያስተዋለው ነገር፣ መስክ በአንዲት ነጥብ ላይ ሲጠየቅ መነቃነቁ ወሰን እንደሌለው ነው፤ ትርጉም ያለው መልስ የሚሰጠው በትንሽ ቦታና በአጭር ጊዜ ላይ ተሰራጭቶ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ሩዶልፍ ሃግና ዳንኤል ካስትለር በ1964 ነጥብን ጭራሹን ተዉት። ለእያንዳንዱ የቦታ-ጊዜ ክልል በዚያ ሊደረጉ የሚችሉ ልኬቶችን ስብስብ ሰጡ፤ ትንሹ ክልል በትልቁ ውስጥ ካለ የእሱም ስብስብ በትልቁ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ክልሎች አንዱ ከሌላው ሾጣጣ ውጪ ከሆኑ ደግሞ ልኬቶቻቸው አይነካኩም። አዳማና ሻሸመኔ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚራራቁ፣ አዳማ በ0.1 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚለካ ነገር ሁሉ ሻሸመኔ በዚያችው ቅጽበት ከሚለካው ሁሉ ጋር ተራው ቢቀያየር ምንም አይጎድልም። በእነዚህ ጥቂት ሕጎች ላይ የዊግነር አሥር እንቅስቃሴዎችና የኢነርጂ ወለል ሲጨመሩ የንድፈ ሐሳቡ አጽም ተሟላ።

ጥሩ ሥራ ነውሩም ይነገራል። እርስ በርሳቸው የሚነካኩ መስኮችን በአራት አውታረ መጠን፣ ማለትም በምንኖርበት ቦታ-ጊዜ፣ ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ ጋር አስማምቶ እስከ መጨረሻው በሒሳብ የገነባ ሰው የለም። ጀምስ ግሊምና አርተር ጃፌ በሁለትና በሦስት አውታረ መጠን ተሳክቶላቸዋል። ክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 የሚሊዮን ዶላር ሽልማት ከመደበላቸው ሰባት ጥያቄዎች አንዱ ከዚሁ ወገን ነው። እስከ ትሪሊዮንኛው የሚገጥመው ስሌት የሚሠራው መሠረቱ ሙሉ በሙሉ ሳይመረመር ነው።

ሁለተኛው ነውር በዚያ 45 ማይክሮሰከንድ ውስጥ አለ። የሳተላይቱን ሰዓት ያፈጠነው የምድር ስበት ነው፤ ስበት ባለበት ቦታ-ጊዜ ጠፍጣፋ አይደለም። ሲጎብጥ የዊግነር አሥር እንቅስቃሴዎች በአጠቃላይ አይኖሩም፤ እነሱ ሲሄዱ ቅንጣት የሚለው ስም ራሱ ለሁሉም ታዛቢ አንድ መሆኑ ይቀራል። ስቲቨን ሃውኪንግ በ1974 ጥቁር ጉድጓድ ጨረር ያወጣል ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው። የሚገርመው ግን መጋጠሚያው አለመፈታቱ ነው። የአዳማና የባቱ ዜሮ የሚፈልገው የብርሃን ሾጣጣን ብቻ ነው፤ ሾጣጣው ቢዘም እንኳ በየነጥቡ አለ። ስለዚህ ከቅንጣትና ከልኬት አለመነካካት መሠረታዊው የትኛው እንደሆነ መጉበጡ ራሱ ፈረደ። ቅንጣቶች ሲደበዝዙ የልኬት አለመነካካት ጸንቶ ይቆያል።

የሚቸገረው ስበት ራሱ ኳንተም እንዲሆን ሲጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ሾጣጣው ይነቃነቃል፤ ባቱ ከአዳማ ሾጣጣ ውጪ ናት ወይስ ውስጥ የሚለው ጥያቄ ቁርጥ መልስ ያጣል። የእስካሁኑ ሥራ ሁሉ የተገጠመው ቀድሞ በተዘረጋና በማይንቀሳቀስ ወሰን ላይ ነበር። ብዙ ሐሳቦች ቀርበዋል፣ ሁሉም የተስማሙበት ግን የለም። ሥራቸውን ለመመዘን ግን መለኪያ አለን። ይህኛው ንድፈ ሐሳብ ዜሮውን ያገኘው ታዛቢዎች በቅደም ተከተል ከመለያየታቸው ነው፤ ሌላ ነገር አልተዋሰም። ወሰኑ ቆሞ በማይገኝበት ቦታ ያንኑ ዜሮ ከየት እንደሚያመጣ መናገር የማይችል አዲስ ንድፈ ሐሳብ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ገና አላለቀም።